ላክሁት እንጂ አልሰጠሁትም

ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ጊዜው ግንቦት 1996 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ 11 ዓመቴ፣ እሱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ። እማዬ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ስለነበር ገላውን ያጠብኩት፣ ለፋሲካ የተገዛለትን ሹራብ ያለበስኩት፣ «የት ነው የምንሄደው?» ሲለኝም «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ብዬ የዋሸሁት እኔው ነኝ። አክስቴ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው እሱን ይዛ ታክሲ ተሳፈርን። አንድ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ጋዋን የለበሰች ሴት እጁን ከአክስቴ እጅ ተቀበለች። ወንድሜ አላለቀሰም። ዞር ብሎ እኔን ብቻ አየኝ፤ ከረሜላው የት እንዳለ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። ከዚያ በኋላ ፊቱን ያየሁት ከ18 ዓመት በኋላ፣ በስልክ ስክሪን ላይ ነው።

ይህንን ታሪክ የምጽፈው በእማዬም በወንድሜም ፈቃድ ነው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይጠቀስ፣ የተቀረው ግን ሳይሸፋፈን እንዲጻፍ ፈልገዋል። እማዬ በተለይ «በሽታዬንም ጻፊው፤ ሌላዋ እናት የራሷን ታገኝበታለች» ስላለችኝ ከዚያው እጀምራለሁ።

አባታችን በ1995 ዓ.ም. ሲሞት የገደለው በሽታ ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ስሙን የሚጠራ ግን አልነበረም። በዓመቱ እማዬም ተኛች። በዚያን ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚገኘው በገንዘብ ነበር፤ የሰው ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች ለምታሳድግ ሴት በየወሩ ቀርቶ አንድ ጊዜም የሚገዛ አልነበረም። የቀረላት የእንጦጦ ማርያም ጸበል ነበር፤ እየተደገፈች ወጥታ እየተደገፈች ትመለስ ነበር። እኔ እንደማስበው ከበሽታው ይበልጥ ያከሳት፣ ዓይኗን ስትከድን እነዚህ ልጆች ማን እጅ ይወድቃሉ የሚለው ሐሳብ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት እንዳለ የነገረቻት በዚህ መካከል ነበር።

መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው፤ ወንድሜ በሄደ በስምንተኛው ወር። እማዬ በ1998 ዓ.ም. ጀመረችው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሳታስተጓጉል፣ ሰዓቱን ሳታዛንፍ ትወስዳለች። ዛሬ ልጄን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። እነዚያን ስምንት ወራት በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደለካኋቸው አልቆጥረውም። እማዬ ግን አትለካቸውም፤ «ሞት መስሎኝ ነበር የማሰናዳው፣ ሕይወት ሆኖ ተገኘ» ትላለች፣ ይህንንም የምትለው በደስታ እንዳይመስላችሁ።

ስለዚያ ቀን ስታወራ «ሰጠሁት» ብላ አታውቅም። በወሎ አነጋገሯ «ላክሁት» ነው የምትለው። ልጅነቴን ሙሉ ይህን እንደ ተራ ቃል ሰምቼዋለሁ። ሥራዬ የእንግሊዝኛ መምህርነት ነው፤ የእኛ ቤት ታሪክ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ለሌሎች ቤተሰቦች በስልክና በአካል ማስተርጎም ጀምሬያለሁ፤ በአማርኛ ከሚያወሩኝ እናቶች አብዛኞቹ ያንኑ ቃል እንደሚመርጡ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። በቃሉ ውስጥ ክርክር አለ። የሰጡት ነገር ተመልሶ አይጠየቅም፤ የላኩት ግን «ደረሰ ወይ?» ይባልለታል፣ መልስ ይጠበቅበታል፣ ዘገየ ተብሎ በር በር ይታይለታል።

ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የመጣ ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። በዚያ ሥርዓት ልጁ በሽማግሌዎች ፊት የአሳዳጊዎቹ ልጅ ይሆናል፤ የተወለደበት ቤት ግን የሚደበቅ ምሥጢር አይደለም። በአማራው አገር ደግሞ «የጡት ልጅ» የሚባል ዝምድና ነበር፤ እሱም በዘመድ ላይ ዘመድ የሚጨምር እንጂ የነበረውን የሚሽር አልነበረም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን መንፈስ ይዞት ቀርቷል። አንቀጽ 183 ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ግንኙነት ይዞ እንደሚቆይ ይደነግጋል፤ የጉዲፈቻው ቤተሰብ የሚቀድመው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ነው። ልጁ አሜሪካ ሲደርስ የሚጠብቀው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ አገር ጉዲፈቻ የወላጅን ሕጋዊ ዝምድና ከሥሩ ነቅሎ በቦታው ሌላ ይተክላል፣ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት እስከማውጣትም ይደርሳል። ስለዚህ አንዱ ቃል ልደታ ችሎት ላይ ሌላ፣ ወንድሜ በሄደባት ሚኒሶታ ላይ ሌላ ነበር፤ ፊደል ላልቆጠረች የታመመች ሴት ይህን ያስረዳት ሰው አልነበረም። እማዬ የገባት ልጇ ተምሮ፣ አድጎ፣ እህቱን ሊያይ የሚመለስ መሆኑ ነው። የፈረመችውም እሷ አልነበረችም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

ወንድሜ በሄደበት ዓመት ነገሩ ገና ጅምር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደዋል፤ በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ቁጥሩ ከ2,500 አልፎ ነበር። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚመለከታቸውን ፋይሎች ወደ አምስት አወረደ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሐና ዊሊያምስ የምትባል ከኢትዮጵያ የሄደች ልጅ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት ጓሮ በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በኋላ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ የሞተችው ሴት ልጅ መሆኗን ለእማዬ ደጋግሜ ነገርኳት፤ እሷ ግን ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። «ያችም የላኳት ናት» አለችኝ። ፓርላማው በውጭ አገር ሰዎች የሚደረግ ጉዲፈቻን ያገደው ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ሆኖ ወጣ። እገዳውን እደግፋለሁ። ነገር ግን በር መዝጋት ቀድሞ የወጣውን አያስገባም፤ በየተቋሙ የቀሩትን ልጆች የማሳደግ ሸክምም ከእኛ ከራሳችን ላይ አይወርድም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። በወንድሜ ፋይል ውስጥ ያለው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሁለቱም ወላጆቹ «በሞት የተለዩ» መሆናቸውን ይናገራል፤ ለጉዲፈቻ የሰጠችውም ሞግዚቱ ተብላ የተመዘገበችው አክስታችን ናት። ልጁን የተቀበለው ድርጅት ሠራተኛ እናትም አባትም የሌለው ልጅ ጉዳዩ እንደሚፈጥን ለአክስቴ ነገራት። አክስቴ መጥታ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ አልጋ ላይ እንደተኛች ራሷን ነቀነቀች። «ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው እውነት ነበር የመሰለኝ» ትላለች ዛሬ። በዚያች ንቅናቄ ምክንያት አንድ ልጅ 18 ዓመት ሙሉ እናቱን በሌላ አገር ሲያለቅሳት ኖረ፤ በየዓመቱ የእናቶች ቀን ሲመጣ አሜሪካዊት እናቱ ሻማ ታበራለት ነበር፣ ለሟቿ እናቱ መታሰቢያ። እማዬ በዚያን ሰዓት ጀሞ ሽሮ እየሠራች ነበር።

ሐሰቱ የተጻፈው በአንድ መስመር ነው፤ ያደረሰው ጉዳት ግን እሷንም ተከትሏታል። የጉዲፈቻ ቤተሰቦች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ ሁኔታው ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር፤ የወንድሜ አሳዳጊ እናትም ሳታጓድል፣ ፎቶግራፍ እያያያዘች ልካለች። እማዬ ደግሞ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ወደዚያ ድርጅት ቢሮ ትሄድ ነበር። በወረቀት የሞተች ሴት ግን «የልጄን ወሬ ንገሩኝ» ብላ መጠየቅ አትችልም። ከእኛ ጋር የተነጋገረው ሠራተኛ ተቀይሮ፣ አዲሶቹ የሚያውቁት ፋይሉን ብቻ ነበር፤ እውነቱን ብትናገር አክስታችን የምትታሰር፣ ልጁም አንድ ነገር የሚደርስበት መሰላት። ስለዚህ «አክስቱ ነኝ» ትል ነበር። የገዛ ልጇ አክስት ሆና ለአምስት ዓመት ያንን ደጅ ጠናች። በስድስተኛው ዓመት ስትሄድ ግቢው ለሌላ ተከራይቶ አገኘችው።

እኛ አገር ለሐዘን ሥርዓት አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ እድር ይደርሳል፣ ጎረቤት ቡና ያፈላል፣ ሰልስቱ አርባው ይቆጠራል፤ ለቀስተኛው ሐዘኑን ብቻውን አይሸከምም። ልጇ በሕይወት ያለ፣ ግን የሌለ እናት ምን ታድርግ? ድንኳን ልትጥል አትችልም፤ ማሟረት ይሆንባታል። ደስ ሊላትም አይችልም። ጎረቤት ደግሞ «አሜሪካ ልጅ ያላት» እያለ ይቀናባታል። ወንድሜ በሚኖርበት ግዛት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ፖሊን ቦስ እንዲህ ያለውን፣ ሰውየው ሞቷል ተብሎ የማይቀበር፣ አለ ተብሎም የማይዳሰስበትን ማጣት ስም ሰጥታ ለብዙ ዓመታት አጥንታዋለች። ይህንን ለእማዬ በተራ አማርኛ ሳስረዳት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ስም ካለው እኔ ብቻ አይደለሁማ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወንድሜ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አታደርግም።

ፍለጋው የተጀመረው ከእሱ በኩል ነው። በ19 ዓመቱ የዲ ኤን ኤ ምርመራ አደረገ፤ ያገኘው ግን እንደ እሱ በጉዲፈቻ የሄዱና በውጭ አገር የሚኖሩ በጣም ሩቅ ዘመዶችን ብቻ ነበር። ይህ ብዙዎችን ያሳዝናቸዋል፤ ምርመራው ሰውን የሚያገናኘው ሁለቱም ወገን ምራቃቸውን ከሰጡ ብቻ ነው፣ እዚህ ያሉት እናቶች ደግሞ ከመዝገቡ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ወደ ፋይሉ ተመለሰ። ፋይሉ ውስጥ የአክስታችን ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ በዚያ ፊደል ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ ይመሳሰላሉ፣ የአያት ስም ደግሞ አልተጻፈም። የቤተሰብ ስም ብሎ የተሸከመው የአባታችንን መጠሪያ ስለሆነ በዚያ ስም የሚጠራ ጎሳ ወይም ቤተ ዘመድ ፈልጎ አያገኝም። በማስተረጉምላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ከዚህ የባሰም አይቻለሁ፤ የአንዷ ልደት በእኛ አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳይመለስ ተገልብጦ በወረቀት ሰባት ዓመት አርጅታለች። እንዲህ ያለ ፍለጋ ለጀመረ ሰው የምለምነው ነገር ቢኖር በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ብቻ ሳይሆን የአማርኛውን የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ እንዲያፈላልግ፣ የአያትን ስም እንዲይዝ፣ ቀኖቹንም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ እንዲጠይቅ ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የተቋቋመው የመረጃ ቋትም በርካታ ሰዎችን አገናኝቷል፤ እናቶችም ልጆችም በየበኩላቸው ይመዘገቡበታል።

ወንድሜ አንድ አፈላላጊ ቀጠረ፤ ወጣት ነው፣ በጣም ታጋሽ። ፋይሉ ላይ ባለው አድራሻ ሄደ፤ አድራሻው ግን የለም። ልደታ አካባቢ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል፤ የቀበሌ ቁጥሩም ወረዳ ከመጣ ወዲህ ትርጉም የለውም። አክስታችን በ2009 ዓ.ም. አርፋለች። አፈላላጊው ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ሲል አንድ ጫማ ጠራጊ «የድሮ ሰፈር ሰው የምትፈልግ ከሆነ እድሩን ጠይቅ» አለው። ሰፈሩ ቢፈርስም እድሩ አልፈረሰም ነበር፤ አባላቱ ጀሞም የካ አባዶም ተበታትነው በየወሩ ይከፍላሉ፣ አንድ ሰው ሲሞት ካሉበት ተጠራርተው ይመጣሉ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ የአክስቴን ስም አገኘና «እሷ አርፋለች፤ እኅቷ ግን አለች፣ ባለፈው ወርም ከፍላለች» አለው። የመንግሥት ወረቀት ሞታለች ያላትን ሴት፣ የሟች መዝገብ የሚይዘው እድር በሕይወት እንዳለች መሰከረላት። አፈላላጊው ያን ዕለት ማታ ቤታችን መጥቶ «ስንት ልጅ ወልደዋል?» ብሎ ሲጠይቃት እማዬ «ሁለት» አለች። ከዚያ በፊት ለሰው «አንድ» ነበር የምትለው።

የመጀመሪያው የስልክ ውይይት የተደረገው ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ነው። አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ፤ ይህን ስሕተት ማንም እንዳይደግመው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ጺሙ የሞላ ረጅም ወጣት ብቅ አለ፤ የአባታችን ግንባር፣ የእኔ ጥርስ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ከተቀመጠችበት ተነሣችና «እንዴት ነዎት?» አለችው። ለገዛ ልጇ። መነሣቷን አየ፤ እርስዎ ማለቷን ግን ሊያውቅ አይችልም፣ እንግሊዝኛውም ይህን ለመናገር ቦታ የለውም። እኔም ዝም ብዬ «ደህና ነህ ወይ ትልሃለች» ብዬ አለፍኩት። በኋላ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «አንተ ለማለት ማሳደግ ያስፈልጋል» አለችኝ።

በሦስተኛው ውይይት ላይ ወንድሜ ስንጠብቀው የነበረውን ጥያቄ ጠየቀ። ለምን እሱ ተላከ፣ ለምንስ እኔ ቀረሁ? ይህን ጥያቄ ስለ ራሴ እያወራሁ በራሴ አፍ ወደ አማርኛ መለስኩት። እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። እማዬን የማስታምማት እኔ ስለነበርኩ፣ ትልቅ ስለነበርኩ፣ ልትለየኝ ስላልፈለገች ነው ብዬ 18 ዓመት ሙሉ አምኜ ነበር፤ በዚህ እምነት ውስጥ ኩራትም ነበረበት፣ ወንድሜን በተመለከተም የማልናገረው የጥፋተኝነት ስሜት። እማዬ እኔን ሳታየኝ፣ ስክሪኑን እያየች እንዲህ አለች፦ «ሁለታችሁንም ነው ያስመዘገብኩት። ትልቋን የሚወስድ ሰው አይገኝም አሉኝ።»

ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረብኝ። ወንድሜ ይጠብቃል፣ እማዬ ትጠብቃለች። ምን ያህል ሰኮንድ ዝም እንዳልኩ አላውቅም፤ ነገር ግን እንዳለ ተረጎምኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሁለቱም ወገን ቃል እያለሰለስኩ፣ እያጠጋጋሁ ነበር የማሻግረው፤ ይህኛውን ግን እንዳለ ሰጠሁት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። እማዬ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጣ አደረች፤ ቀስ ብዬ ስከፍት ጠዋት እዚያው አገኘኋት። ለሳምንታት ተቀይሜያታለሁ። ቅያሜዬ ልትልከኝ በመፈለጓ ይሁን፣ ሳትነግረኝ በመቆየቷ ይሁን፣ ወይስ የሚወስደኝ ባለመገኘቱ ይሁን ለይቼ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ዛሬ የማምነው ሦስቱም እንደነበሩበት ነው። ወንድሜ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለእኔ ሌላ ሰው ሆነ፤ ማታ ማታ በጽሑፍ መልእክት «እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» እያለ የሚጠይቀኝ እሱ ነበር። ያልተመረጠውና የተመረጠው ቦታ የተለዋወጥን ይመስለኛል። ያቺ እውነት እኔን ብታቆስለኝም እሱን አድናዋለች፤ ከሁለት ልጆች ተለይቶ የተወገደ ልጅ እንዳልሆነ ያወቀው በእሷ ነው።

አዲስ አበባ የመጣው በጥር 2015 ዓ.ም.፣ ለጥምቀት ነው። ስለ ቦሌው ዕልልታ ብዙ አልናገርም፤ እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችኋል፣ ቪዲዮው የሚያበቃውም መከራው ከሚጀምርበት ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤታችን ውስጥ ከ40 ሰው በላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን በአጎታችን በኩል የሚዛመደን ወጣት ስለ ቪዛ ጠየቀው፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ዘመድ የኮንዶሚኒየም ክፍያዋን ሰነድ ይዛ መጣች። በአራተኛው ቀን ወንድሜ ከሆቴሉ አልወጣም፣ ስልክም አላነሣም። እማዬ የተሠራው ዶሮ ፊት ለፊቷ እየቀዘቀዘ «ምን አስቀየምኩት?» እያለች እስከ ምሽት ተቀመጠች።

ስለ ገንዘብ ሳልጽፍ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ከእኛ ወገን ሲታይ ያለው ለሌለው መስጠቱ የዝምድና ምልክት ነው፤ ወንድምህ ተምሮ ካልረዳህ ወንድምነቱ ምኑ ላይ ነው? ከእሱ ወገን ሲታይ ግን አንድ ሰው ከ18 ዓመት በኋላ አግኝቶህ በመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ ሲጠይቅህ፣ ልጅ ሆነህ የተፈራረሙብህን ወረቀት እንደገና ያነበብክ ያህል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። በእኛ ቤት መፍትሔ ያገኘው እማዬ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባ «ልጄ የመጣው ሊያየኝ ነው፤ የሚያስፈልገው ያለ እኔን ይጠይቀኝ» ስትል ነው። የሌላት ሴት ናት ይህን ያለችው። ለሚያስተረጉሙኝ ቤተሰቦች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ሰው ብቻ የሚገኝባቸው እንዲሆኑ፣ ስለ ገንዘብም ከመገናኘታቸው በፊት በግልጽ እንዲነጋገሩ የምወተውተው ከዚህ የተነሣ ነው። አስተርጓሚውም የቤት ሰው አይሁን፤ የቤት ሰው የራሱ ቁስል አለው።

በስድስተኛው ቀን ብቻውን መጣ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ ሁለቱ በረንዳው ላይ፣ መካከላቸው ሰፌድ አድርገው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። አስተርጓሚ አልነበረም፣ ንግግርም አልነበረም። እማዬ አንዲት ጠጠር እያነሣች ታሳየዋለች፤ እሱ ደግሞ ያገኘውን ያሳያታል። ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ እንደቆዩ ጎረቤታችን ነገረችኝ። ከውስጥ ገብቼ ልብሴን እስክቀይር የሚሰማኝ የምስሩ ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያው ምሽት ስለ ከረሜላው ነገርኩት። ምንም አያስታውስም፤ ሹራቡንም፣ ታክሲውንም፣ እኔንም። ሱቅ ወርጄ ደስታ ከረሜላ ገዛሁለት፤ አንዷን ልጦ በላ፣ የተቀሩትን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር» አለኝ። አሜሪካዊት እናቱ የላከችልን ጥራዝ ውስጥ 14ቱም ሪፖርቶች ከነፎቶዎቻቸው ነበሩ፤ እማዬ እስከ ዛሬ ድረስ በቀን ከአንድ ዓመት በላይ አታይም፤ «ቀስ ብዬ ላሳድገው» ትላለች።

የእኛ ነገር ደህና የሆነ እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ ከተመለሰ በኋላ ለሦስት ወር ያህል አልደወለም፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከአንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር ይነጋገር ነበር፣ ለሞተችው እናቱ ያዘነውን ሐዘን በሕይወት ላለችው እናቱ የት እንደሚያደርሰው አጥቶ ነበር። እማዬ ለንስሐ አባቷ ስለዚያች የራስ ንቅናቄ የነገረችው በዚሁ ጊዜ ነው። ሁሉም ፍለጋ በመገናኘት አያልቅም፤ የማውቃት አንዲት እናት አሁን ያላት ባል ያ ልጅ መኖሩን አያውቅም። ልጇን ያገኘችው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለአንድ ሰዓት ነው፣ ፎቶውንም ይዛ ልትሄድ አልፈለገችም፤ አይታ መለሰችለት። ልጁ ተከፋ። እሷ ግን ያን ሰዓት ለማግኘት የከፈለችውን ዋጋ እኔ አይቻለሁ፤ የማንም እናት በር በካሜራ እንዳይንኳኳ የምለምነው ለዚህ ነው።

ወንድሜ ከዓመት በፊት አማርኛ መማር ጀመረ። የምታስተምረው ሚኒያፖሊስ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ናት፤ ጨዋ መምህርት ናት፣ በመጀመሪያ ያስተማረችው ለትልቅ ሰው እርስዎ ማለትን ነው። ባለፈው እሑድ ያለ እኔ እርዳታ ለመነጋገር ወስኖ ደወለ። ደብተሩን ይዞ ነበር፤ እያነበበ፣ ቃል በቃል፦ «እማዬ፣ እንዴት ነዎት?»

እማዬ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። «ንገሪው» አለችኝ፣ «እናቱን እርስዎ የሚል ልጅ የለም።»

ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እኛ ዘንድ እናት ምንም ብታረጅ አንቺ ተብላ እንደምትጠራ፣ እርስዎ ለባዕድ እንደሆነ አስረዳሁት። ከዚያም ያንን ያላስተረጎምኩትን የመጀመሪያ ቀን ነገርኩት፤ ብድግ ብላ እርስዎ ያለችውን፣ ለምን እንዳለችውም። ረጅም ጊዜ ደብተሩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ «እንዴት ነሽ?» አለ። ሽ ላይ ተሰናከለ።

«እንደገና በል» አለችው እማዬ፣ «አንተ ልጅ፣ እንደገና በለው።»